ሕርቃል የማን ልጅ ነው?

የታችኛው ቤት ተከራይ ተልባ ስትቆላ ሽታው በደረጃው ወጥቶ እኔ ዘንድ ይደርሳል፤ ያኔ የቀን መቁጠሪያ ሳላይ የካቲት መግባቱን፣ ሁዳዴም ደጃፍ ላይ መቆሙን አውቃለሁ። ድሮ ይህ ሽታ ምራቄን ያመጣው ነበር፤ አሁን ድካሜን ብቻ ያስታውሰኛል። ጉልበቴ ለስግደት እሺ አይልም፤ እዚህ ጎንደር የምኖርበት ሰፈርም እንደ ደባርቅ ጾሙን ተጠራርቶ የሚገባ አይደለም። የሚንጣጣውን ፍሬ እየሰማሁ ቁጭ እላለሁ፤ ሳልፈልግ ወንድሜ አዛናው ትዝ ይለኛል።

ቤታችን ደባርቅ ላይ፣ ወደ ሊማሊሞ በሚወርደው መንገድ ዳር ነበር። በደርግ ጊዜ ያ መንገድ የወታደር መኪና አያጣም፤ ሸራ የለበሱት መኪኖች ሲያልፉ ግድግዳችን ይንቀጠቀጣል፣ መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ይንጫጫሉ፣ እናቴም "ሄዱ ደግሞ የሰው ልጆች" ትልና ሥራዋን ትቀጥላለች። አዛናውም ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ የወረደው በዚያው መንገድ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ጭኑን ተመትቶ፣ በከዘራ እያነከሰ፣ የሦስት ወር የሕመም ፈቃድ ይዞ ሲመለስ እኔ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ስጦታ አምጥቶልኝ እንደሆነ ብዬ ኪሱን ፈተሽኩ፤ ያገኘሁት የደረቀ የወታደር ብስኩት ነበር፣ እሱንም ቅር እንዳይለው ብዬ ቆርጥሜ ጨረስኩት።

የደረሰው በጾመ ነነዌ ዋዜማ ነበር። የነነዌ ሰዎች በዮናስ ስብከት ደንግጠው ከሕፃን እስከ ሽማግሌ፣ ከብቱ ሳይቀር፣ ሦስት ቀን እህል ውሃ አልቀመሱም ስለሚባል፣ እኛም ልጆቹ ይህችን ጾም እንደ ትልቅ ሰው እንይዛት ነበር፤ እኔ በዚያ ዓመት ላማችንንም ላስጾም ሞክሬ በእናቴ ኩርኩም ተገላገልኩ። ሐሙስ ጠዋት ሁሉም ወደ ገበታው ተመለሰ። አዛናው ግን አልተመለሰም። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይውልና ፀሐይ ስትጠልቅ አንድ እፍኝ ቆሎ በውሃ ይወስዳል፤ እናቴ ስትለምነው "አልራበኝም" ይላል። ጉንጩ ጎደጎደ፣ ቁስሉም አልደርቅ አለ።

እንዲህ እንዳለን የቅበላ እሁድ መጣ። ቅበላ ሥጋን የሚሰናበቱበት ቀን ነው፤ የሃምሳ አምስት ቀኑን በአንድ ቀን ሊበሉ የሚታገሉ ሰዎች ነበሩ፣ ሰኞ ጠዋት ሆዳቸውን ይዘው ጾሙን እንደ መድኃኒት ይቀበሉታል። አባታችን ከሞተ ወዲህ በጉን የሚያርደው አዛናው ነበር። ቢላውን ስሎ፣ በጉን ወደ ምሥራቅ አዙሮ፣ እኔ እግሩን ይዤለት ሳለ ቢላውን መሬት ላይ አስቀምጦ አጠገቡ ቁጭ አለ። ጎረቤት ተጠርቶ አረደልን። በምሳ ሰዓት የነፍስ አባታችን አባ ተክሌ ባሉበት አዛናው ምክንያቱን ራሱ አወጣው።

"ሰው ገድያለሁ፣ እማ። አባ የሰጡኝ ንስሐ አነሰኝ። እድሜ ልኬን ነው የምጦመው።"

አባ ተክሌ ጭንቅ ሲሆንባቸው ታሪክ መተረክ ልማዳቸው ነበርና በየቅበላው የምንሰማውን ጀመሩ። ሕርቃል የሚባል የሮም ንጉሥ ነበረ፤ ፋርሶች ኢየሩሳሌምን ወርረው መስቀሉን በማረኩ ጊዜ ምእመናኑ ተዋግተህ አስመልስልን ቢሉት፣ ነፍስ የገደለ እድሜ ልኩን ይጹም የሚለውን የሐዋርያት ሥርዓት ፈርቶ አመነታ፤ እነሱም ያንተን ጾም አምስት አምስት ቀን ተካፍለን እንጾምልሃለን ብለው ሰደዱት፤ የሁዳዴ የመጀመሪያው ሳምንት ጾመ ሕርቃል መባሉም ከዚያ ነው ይባላል። እናቴ ይህን ሃያ ጊዜ ሰምታዋለች። በሃያ አንደኛው ግን አቋረጠቻቸው።

"አባ፣ ሕርቃል የማን ልጅ ነው?"

"የሩቅ አገር ንጉሥ ነው እንጂ እኛ የት እናውቀዋለን?"

"የማናውቀውን ሰው ጦም ስንጦም ኖረን የአዛናውን የማንካፈለው ለምንድን ነው?"

አባ ጢማቸውን እየዳበሱ "ማክሰኞን ለእኔ ተዪው" አሉ።

ሰኞን እናቴ ያዘች። ረቡዕን እኔ ለምኜ ወሰድኩ። ሸክላ ሠሪዋ ጎረቤታችን ያልጋነሽ ቤተ እስራኤል ነበረችና ሁዳዴ አይመለከታትም፤ ግን "ሐሙስን እኛም እንጦማለን፣ የእሱን እደርብለታለሁ" አለች። አርብ ሰው አጣች። ያን የሰማው የቀበሌው ሊቀመንበር ሞላ በጓሮ በኩል መጥቶ አጥሩን ይዞ ቆመ። የአዛናውን ስም ለውትድርና የጻፈው እሱ ነው። እናቴ ከእግር እስከ ራሱ አየችውና "እርስዎ ጽፈውታል፣ እርስዎ ይጡሙለት" አለችው። ጓድ ሲጾም መታየት ስለሌለበት አርብ አርብ ቢሮው ውስጥ የተገመሰ ዳቦ ለታይታ ይዞ ይውል ነበር አሉ።

ደንቡ ቀላል ነበር፤ ባለተራው እስከ ፀሐይ ግባት ይጾማል፣ አዛናው በቀን ይበላል። መጀመሪያ እምቢ ብሎ ነበር፤ እናቴ ግን "ካልበላህ የእኔን ጦም ሜዳ ላይ ጣልከው" ስትለው አንገቱን ደፍቶ ጎረሰ። በእኔ ረቡዕ የባሕር ዛፉን ጥላ በየደቂቃው ስለካ ዋልኩ፤ ጎረቤት ሁሉ የሽሮውን ሽታ ሆን ብሎ ወደ እኛ ቤት የሚሰድ ይመስለኝ ነበር። ግን አልፈታሁም። ሳምንቱ ሲያልቅ እንደገና ከሰኞ ጀመርን፤ እንዲህ እየዞርን ሆሳዕና ደረስን። ካልበላ እንደሚሞት፣ ከዳነ ደግሞ እንደሚወስዱት እናቴ አልጠፋትም፤ የቅርቡን ሞት ላባርር ብላ ነው።

ቁስሉ ደረቀ። ከፋሲካ በኋላ ከዘራውን ጣለ፣ ፊቱም ሞላ። ሐኪሞቹ አይተውት ደህና ነህ አሉት፤ የመመለሻውን ወረቀት ያመጣው ሞላ ነው፣ ሰጥቶን ቀና ብሎ ሳያየን ሄደ። አዛናው መኪናው ላይ ከመውጣቱ በፊት የእናታችንን ጉልበት ስሞ ቀና አለ።

"እማ፣ ያለፈውን ጦማችሁልኛል። ከእንግዲህ የምገድለውንስ ማን ይጦምልኛል?"

እናቴ ኮሌታውን አስተካከለችለት። ከዚያ ወዲህ ወሬውን አልሰማንም። ደርግ ወድቆ የተበተኑት ወታደሮች በዚያ መንገድ ሲያልፉ እናቴ ሳምንት ሙሉ ደጃፍ ቆማ የእያንዳንዱን ፊት አየች። ያልጋነሽ ከዘመዶቿ ጋር አገር ለቃ ሄደች፣ አባ ተክሌ አረፉ፣ ሞላ የት እንደደረሰ አላውቅም። እኔም ለትምህርት ጎንደር መጥቼ ረቡዕን አንድ ሁለት ዓመት ያዝኩ፤ ከዚያ ሥራ፣ ትዳር፣ ልጅ እያልኩ ተውኩት፤ ይህን ስናገር ዛሬም አፍራለሁ። አምስቱም ቀን ለእናቴ ተመለሰ። ለሕርቃል የቆመው ሳምንት ሲያልቅ የእሷ አያልቅም፤ በፍስኩም ወር እስከ ማታ ጾማ ትውላለች። አርጅተሻል፣ ይበቃል ስላት እንደማላውቃት ሰው ታየኝ ነበር።

"የሚገድላቸው ስንት እንደሆኑ ነግሮኝ ቢሄድ ኖሮ ቆጥሬ አቆም ነበር" ትለኛለች።

ሳታቆም ሞተች።