ከፖስታው ጀርባ

ባለፈው ሰሞን የልጅ ልጄ ከማር ጠርሙስ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ለማስለቀቅ ብላ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክራው ወደ ጓዳ ገባች። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ያ ሽታ መጣ፤ የሙጫና የረጠበ ወረቀት ሽታ፣ ሊጥ ሊጥ የሚል፣ ሆምጠጥ ያለ። ወረቀቱ ከጠርሙሱ መላቀቅ ሲጀምር እጄ ሳላዘው ተዘርግቶ ተቀበለው። ልጅቷ ተመልሳ ስታየኝ "ምን ሆንሽ አያቴ?" አለችኝ። ምን ብዬ ላስረዳት! ይህች ልጅ በዕድሜዋ ቴምብር ልሳ አታውቅም።

እኛ ቤት እንጀራውም ጨዋታውም ቴምብር ነበር። አያቴ፣ የአባቴ አባት፣ በወጣትነታቸው ዳንግላ ለነበረው የፈረንጅ ቆንስል በበቅሎ ደብዳቤ ያመላልሱ ነበር። ፈረንጆቹ ደብዳቤውን አንብበው ፖስታውን ሲጥሉት እሳቸው ይለቅማሉ። ቴምብር ከፖስታው እንዴት እንደሚላቀቅ፣ ወረቀቱ ውስጥ የተደበቀው ምልክት በብርሃን እንዴት እንደሚታይ ያሳያቸው የቆንስሉ ጸሐፊ ነው አሉ። ከዚያ ወዲያ ማን ያቁማቸው! በጣሊያን ጊዜ ሰው ከብቱን ሲያሸሽ አያቴ ቴምብሮቻቸውን በቀርከሃ ቀፎ ከተው፣ በሰም ደፍነው፣ ዛፍ ላይ ሰቅለው ከረሙ። "አንድም አልጠፋብኝ፤ ማር ማር ብቻ ሸተቱ" ይሉ ነበር ሲያወሩት።

አባቴ ያንን ሲያይ አድጎ ፖስታ ቤት ተቀጠረ። ሥራው እንኳ አላጠገበውም፤ ማታ ከአያቴ ጋር ተቀምጠው የቴምብር ጠርዝ ላይ ያለውን ጥርስ ሲመረምሩ፣ ሙጫ በምላስ ሲቀምሱ፣ በአንዲት የቀለም ጠብታ ሲከራከሩ ያመሹ ነበር። ጎረቤቶቻችን "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" እያሉ ይስቁብን ነበር። አያቴም አይቀየሙ፤ "ስለ ሞኝ አላውቅም፤ ወረቀት ግን ለብ ያለ ውሃ ካገኘ ይለቃል" ብለው ይመልሱላቸዋል።

ታዲያ ቤታችን ሕግ ነበረው። ደብዳቤ ሲመጣ ደብዳቤው ለአንባቢው፣ ፖስታው ለአያቴ። አያቴ ቴምብሩ ያለበትን ጥግ ይቀዱና በጣባ ውሃ ላይ ያንሳፍፉታል፤ ቴምብሩ ሲላቀቅ ከቀርከሃ በተሰነጠቀች መቆንጠጫ አንስተው በነጭ ጨርቅ ላይ ያሰጡታል። የቀረው ፖስታ ወዲያው እሳት ውስጥ ይገባል። እርጥበቱ መቼም የአገራችን ነው፤ ክረምት ሲገባ ግድግዳው ሳይቀር ያልበዋል። አያቴ የፖስታ ሙጫ ብል ይጠራል፣ ብል ከገባ ሁሉንም ይጨርሳል ባይ ነበሩ። "ፖስታ ከቤት ከደረሰ ሬሳ ነው፤ ሬሳ አያሳድሩም" ይሉናል።

ከሁላችን ዓይን የነበረው ግን ታላቅ ወንድሜ ነው። ማኅተሙን በጨረፍታ አይቶ "ይሄ ከድሬዳዋ ነው፤ የመታውም ሰው ግራኝ ነው" ይል ነበር። አያቴ በደስታ ጭኑን መታ መታ ያደርጉታል። እኔን በትከሻው ተሸክሞ ቴምብሮቹን አንድ ባንድ እያሳየ የማላውቃቸውን አገሮች ስም ያስጠናኝ ነበር። ዛሬም ካርታ ሳይ የሱ ድምፅ ነው የሚያነብልኝ።

ዓይኑ ይኑረው እንጂ ልቡ ከዚያ አልነበረም። አባቴ ፖስታ ቤት ሊያስቀጥረው ሰው ሲለምን ከርሞ ተፈቀደለት ብሎ ደስ እያለው በመጣ ዕለት ወንድሜ የጭነት መኪና ረዳት ሆኜ ልሄድ ነው አለ። "አባባ፣ እነዚህ ወረቀቶች የመጡበትን አገር እኔም በዓይኔ ልየው" ሲል አስታውሳለሁ። አባቴ ያን ያህል ሲቆጣ አይቼው አላውቅም።

"ይህን ደጃፍ ለቀህ ከወጣህ አባት የለህም! በስሜም እንዳትጠራ!"

ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ። ወንድሜ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወጣ። እናቴ እስከ መኪና መንገዱ ተከተለችው። አባቴ በሩን ዘግቶ ቆየ፤ በማግስቱ ግን ከነጋ ጀምሮ ከመንገዱ ዳር ቆሞ የሚያልፈውን መኪና ሁሉ ሲያይ ዋለ።

ዓመት አለፈ። ከዚያ በአንድ የሐምሌ ከሰዓት፣ ዝናቡ ጣሪያውን እየደበደበ ሳለ፣ አባቴ ከሥራ ሰዓቱ በፊት እየሮጠ መጣ። ካፖርቱ ውስጥ ደብቆ የያዘው ፖስታ ነበር። የወንድሜ የእጅ ጽሑፍ መሆኑን ፖስታ ቤት ሳለ ነው ያወቀው፤ ብቻውን ሊከፍተው ግን አልሆነለትም። እናቴ እልል አለች። አባቴ ከጫፉ ቀደደው፣ ደብዳቤውን አወጣ፣ አያቴ እንደወትሮው እጃቸውን ሲዘረጉ ፖስታውን ሰጣቸውና ማንበብ ጀመረ።

አንዳችንም ልብ አላልን። ምን ልበላችሁ፣ እጃቸው ያን ሲሠራ የኖረ ነው፤ ሲያዛጋ አፍን እንደመያዝ ነው። የአባቴን ንባብ እየሰሙ፣ እንባቸውን በክርናቸው እየጠረጉ፣ ጥጓን ቀደዱ፣ ውሃው ላይ አኖሯት፣ የቀረውን ወደ እሳቱ ወረወሩት።

ደብዳቤው አጭር ነበር። ደኅና መሆኑን ይናገራል፤ እናቴን፣ አያቴን፣ እኔን በየስማችን ይጠይቃል። ከዚያ እንዲህ ይላል፦ "ስሜን ብቻውን ጽፌ ፈርሜያለሁ። አባቴ ይቅር ብሎኝ በስሙ እንድጠራ ከፈቀደልኝ ጻፉልኝ። መልስ ካልመጣ እንዳልታረቀኝ አውቃለሁ፤ ዳግመኛ አላስቸግራችሁም። የምታገኙኝ በሰው በኩል ነው፤ አድራሻውን ከፖስታው ጀርባ ላይ ጽፌዋለሁ።"

አባቴ "ከፖስታው ጀርባ" ካለ በኋላ ቀና አለ። ሁላችንም ወደ እሳቱ ዞርን። ነበልባሉ ከወትሮው ከፍ ብሎ ነበር።

አያቴ ተንደርድረው ሁለት እጃቸውን እሳቱ ውስጥ ከተቱ። አባቴ ከኋላ አቅፎ ሲያወጣቸው በጣታቸው መሐል ጥቁር ብናኝ ብቻ ነበር። አባቴ ግን እሳቱን እያየ ይጮኻል፦ "ይቅር ብየዋለሁ! በሄደ በማግስቱ ነው ይቅር ያልኩት!" እናቴ ሁለቱንም ትታ መሬት ላይ ተቀመጠች። አይ እናቴ! አንድ ቀን እንኳ "ለምን?" ብላ ስትወቅሳቸው ሰምቼ አላውቅም። ብትወቅሳቸው ይሻላቸው ነበር።

ውሃው ላይ የቀረችው ጥግ ብቻ ናት፤ አንዲት ቴምብርና ግማሽ ማኅተም። የከተማው ስም ከተቃጠለው ጋር ሄዷል። አባቴ ያለውን ማኅተም ሁሉ አውጥቶ ከዚያ ግማሽ ክብ ጋር ሲያስተያይ ሰነበተ። አያቴ እጃቸው በጨርቅ ተጠቅልሎ ስለነበር እኔ ቴምብሩን በብርሃን አቅጣጫ ያዝኩላቸው። ትክ ብለው አዩና "ሐረር ነው" አሉ። "የሐረሩ ማኅተም ቀለበቱ ከሥር ተሸርፏል።" አባቴም አየና "እውነት ነው አባባ፣ ሐረር ነው" አለ። የዚያን ዕለት ቤታችን ጥቂት ብርሃን ገባው፤ እናቴም እህል ቀመሰች።

አባቴ ጻፈ። ይቅር ብየሃለሁ አለ፤ አንተም ይቅር በለኝ አለ፤ ና፣ ካልመጣህም ባለህበት ተባረክ አለ። ፖስታው ላይ የወንድሜን ስም አድርጎ ከጎኑ የራሱን ስም በጉልህ ጻፈበት፤ "ሲያየው መልሱን ከውጭው ያገኘዋል፤ እስኪከፍተው አይጨነቅም" ብሎ። በሰው በኩል የሚለውን ግን ማንን ብሎ ይጻፍ? "ሐረር" ብቻ ብሎ ላከው።

ከወራት በኋላ ደብዳቤው ተመልሶ መጣ። "ባለቤቱ አልተገኘም" የሚል ቀይ ማኅተም ፊቱ ላይ ተመትቶበታል። የተቀበለው ራሱ አባቴ ነው፣ በራሱ መስኮት። ደግሞ ላከ፤ ደግሞ መጣ።

የአያቴ እጅ ዳነ፤ የጣታቸው ጫፍ ግን እንደ ቁርበት ደርቆ ቀረ። ቴምብር የሚነኩበት ስሜት አልነበራቸውም፤ ቢኖራቸውም የሚነኩ አይመስለኝም። በዓመቱ አረፉ። ሊሞቱ ሲሉ አባቴን ጠርተው "ልጅህን ቀበርኩብህ" አሉት። አባቴ "አይበሉ አባባ፤ ፖስታውን የሰጠሁዎ እኔ ነኝ" አላቸው። ሁለቱም ሲያለቅሱ እኔ በር ላይ ቆሜ አየሁ፤ ወንድ ሲያለቅስ ያን ጊዜ ነው የፈራሁት።

ከዚያ አባቴ ወደ እንጅባራ ተዛወረ፤ እኛም ተከተልነው። እዚያ የጭነት መኪናዎች ያድራሉ፤ አባቴም ሾፌር በመጣ ቁጥር ይጠይቃል። አንድ ሾፌር ወንድሜን እንደሚያውቀው ነገረን። እናቴ ወንበር አቀረበችለት፤ ሰውየው ግን መቀመጥ ፈራ።

"ሐረር ነበር" አለ። "አባቱን ቢጠይቁት አይናገርም ነበር። 'የጎጃሙ ልጅ' ነው የምንለው፤ ሌላ ስም የሚያውቅለት የለም። ደብዳቤ የሚጠብቀው በአንድ ነጋዴ በኩል ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄደ ይጠይቃል።"

"አሁንስ?" አለች እናቴ።

"በጅቡቲ መንገድ ሄደ እመይቴ። ቆይ ብዬ ብለምነው 'መልሱን አግኝቻለሁ' አለኝ።"

አባቴ ቁጭ ብሎ መሬቱን አየ። ደብዳቤው ሐረር ደርሶ ነበር፤ ልጁም ሐረር ነበር። አያቴ ከተማውን አልሳቱም። በአባቱ ስም የሚጠራ ሰው ነው እዚያ ያልነበረው።

ከዚያ ቀን ወዲህ አባቴ ያችን ቀይ ማኅተም ማንሣት አቃተው። ባለቤቱ ያልመጣለት ደብዳቤ ሲጠራቀም ለመመለስ ቀኑ እስኪደርስ አይጠብቅም፤ በኮሮጆ ይዞ ገበያ ይወጣል። ግምጃ ቤት የሚባለው መንደር ሲገበይ ግምጃ ቤት፣ አዘና ሲገበይ አዘና። እኔም አብሬው እሄድ ነበር፤ ጋሪ ከተገኘ በጋሪ፣ ካልተገኘ በእግራችን፣ በጭቃው። ከፍ ያለ ቦታ ፈልጎ ይቆምና ስሞቹን ከነአባታቸው ይጠራል፤ በአማርኛ ጠርቶ በአገውኛ ይደግመዋል። "አለሁ!" የሚል ይመጣል፤ ዘመዱን የሚያውቅ ይቀበላል፤ የሌለ እንደሆነ ገበያተኛው ከየአቅጣጫው "የለም! እዚህ የለም!" ብሎ ይመልሳል። አንዳንዱ ያሾፍበታል፤ አብዛኛው ግን ይመርቀዋል።

ኮሮጆው ባዶ ሲሆን አባቴ አይወርድም። ጉሮሮውን ይጠርግና የወንድሜን ስም ይጠራል። ከዚያም ከፍ ባለ ድምፅ የራሱን ስም ያስከትልበታል፤ ልጅና አባት፣ አንድ ላይ። ገበያተኛው እንደሌሎቹ መስሎት "የለም!" ይለዋል። አባቴም "እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ" ይላል።

አንድ ቀን አዘና ላይ፣ አንዲት ድንች የምትሸጥ ሴት ይህን ስም በየገበያው ስትሰማው ከርማ ኖሮ ጆንያዋን ትታ ወደ እኛ መጣች።

"ጌታዬ፣ የዚያን ልጅ ደብዳቤ ለእኔ ይስጡኝ" አለችው። "ብዙ አገር እዞራለሁ፤ ምናልባት ባገኘው አደርስለታለሁ።"

አባቴ ሁለት ባዶ እጁን ዘረጋላት።

"ደብዳቤ የለውም እናቴ" አላት። "ስሙን ብቻ ነው የማደርስለት።"