ጥሩምባ የተነፋለት ጉባኤ

አዳማ ስብሰባ የማይሰለቻት ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ የሚመጣ መሥሪያ ቤት ሁሉ ዕቅዱን የሚያወጣው እዚህ ነው፤ የሚገመግመውም እዚህ ነው፤ ያልተሳካበትን ምክንያት የሚያብራራውም እዚሁ ነው። በሆቴሎቿ በር ላይ ባነር የማይሰቀልበት ሳምንት የለም። በዚች ከተማ ነው እንግዲህ ኤቢሴ ገርባ ለአንዲት ቅዳሜ የሚሆን አዳራሽ ያጣችው።

ፍራንኮ በሚባለው የከተማዋ ሰፈር ኤቢሴን የማያውቅ የለም፤ ሥራዋን ግን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ሻሸመኔ ተወልዳ፣ ለትምህርት አዳማ መጥታ፣ በዚያው የቀረች የሠላሳ አንድ ዓመት ሴት ናት። እትዬ ተሻለች ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይታ ለክሊኒኮችና ለመድኃኒት ቤቶች የኮምፒውተር ፕሮግራም ትሠራለች። ቀኑን ሙሉ ከቤት ስለማትወጣ ጎረቤቱ መጀመሪያ ሥራ ፈት መስላው ነበር፤ በኋላ ደግሞ በሽተኛ። እትዬ ተሻለች ናቸው "ብቻዋን ያለች ልጅ ናት፤ ነገ አንድ ነገር ብትሆን ማን አላት?" ብለው እጇን ይዘው እድር ያስገቧት። ጓደኞቿ በሃያ ሰባት ዓመቷ እድርተኛ መሆኗን ሲሰሙ ለወራት ሣቁባት። እሷ ግን ለቅሶ ሲኖር ወንበር ትደረድራለች፣ ብርጭቆ ታጥባለች፣ ከዚያ ቤቷ ገብታ ኮዷን ትጽፋለች።

ከአምስት ዓመት በፊት ቢኒያም ከሚባል የክፍል ጓደኛዋ ጋር ሆና የስምጥ ሸለቆ ፕሮግራመሮች ዓመታዊ ጉባኤን ጀመረች። ስሙ ከተሰብሳቢው ይበልጥ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት የመጡት አሥራ ዘጠኝ ሰዎች ናቸው፤ ከእነሱም ሁለቱ ዋይፋይ ፍለጋ የገቡ። ሐሳቡ ግን ጥሩ ነበር። በመቂ፣ በባቱ፣ በመልካሳ፣ በሻሸመኔ ለየብቻቸው ላፕቶፕ ላይ አቀርቅረው የሚውሉ ልጆች በዓመት አንድ ቀን ይገናኙ፣ የሠሩትን ይተያዩ፣ የከበዳቸውን ይጠያየቁ የሚል ነው። ቢኒያም አዲስ አበባ ጥሩ ሥራ አግኝቶ ከሄደ ወዲህ ሸክሙ እሷ ላይ ወደቀ።

አምና የአዳራሹ ግማሽ ባዶ ነበር። በዚህ የተነሣ ቢኒያም ዘንድሮ ደውሎ ቁርጡን ነገራት።

"ኤቢሴ፣ እኔም አዳማ ቢሆን ደስ ይለኛል። ግን ዘንድሮ መቶ ሰው ካልመጣ ከርሞ አዲስ አበባ እናደርገዋለን። እዚያ ሰው አይቸግርም።"

"የመቂ ልጅ አዲስ አበባ ድረስ ይመጣል?"

"የቻለ ይመጣላ።"

ያልቻለውን ኤቢሴ በስም ታውቀዋለች። እሷ ራሷ ተማሪ ሳለች አዲስ አበባ የሚደረግ እንዲህ ያለ ጉባኤ ሰምታ፣ የትራንስፖርቱንም የማደሪያውንም ነገር ስታስብ ውላ የቀረችበትን ቀን አልረሳችም። ጉባኤው ከአዳማ ከሄደ እነዚያ ልጆች እንደገና ለየብቻቸው ሊቀሩ ነው፤ ይህን ማሰብ ብቻውን እንቅልፍ ይነሳት ነበር።

ስለዚህ ከመስከረም ጀምሮ ቴሌግራም ላይ መለጠፉ አይበቃም ብላ በእግሯ ዞረች። መቂ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም በሚጭኑ አይሱዙዎች መሃል እየተሹለከለከች በየፎቶ ኮፒ ቤቱ በር ማስታወቂያ ለጠፈች። ሻሸመኔ የሞባይል ጠጋኞችን አንድ በአንድ አነጋገረች፤ ኮድ የሚጽፍ ልጅ የት እንዳለ ከእነሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። የእርሻ ምርምር ጣቢያ ባለበት መልካሳ ላይ አንድ ሰውዬ ጉባኤው ስለ ማሽላ መስሎት ተመዘገበ፤ አላረመችውም። መናኸሪያ ውስጥ ወረቀት የሰጠችው አንድ ረዳት ደግሞ "አዳማ፣ አዳማ፣ ጉባኤ ያለው አዳማ" እያለ ሲጣራ ሰማችውና እስክትሳፈር ድረስ ሣቀች። ኅዳር አጋማሽ ላይ የተመዘጋቢው ቁጥር መቶ ሠላሳ አራት ደረሰ።

ጉባኤው ቅዳሜ ሊሆን ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከሆቴሉ ተደወለ። አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት በድንገት ለሦስት ቀን መጥቶ አዳራሹን ይዞታል፤ በጣም ይቅርታ፣ ሌላ ጊዜ እናስተናግድሻለን ተባለች። ኤቢሴ ባጃጅ ይዛ ዞረች፤ ባጃጁን ለቃም በእግሯ ዞረች። አሥራ አንድ ሆቴል ጠየቀች። አንዱ ግምገማ፣ አንዱ ሥልጠና፣ አንዱ የግምገማው ሥልጠና ላይ ነው። መሸት ሲል የግቢው ደጃፍ ላይ ቁጭ አለች። ስልኳን አውጥታ የቢኒያምን ስም ስታየው ቆየች። ብትደውልለት አይዞሽ ይላታል፤ በዚያው ነገሩ ያበቃለታል። አልደወለችም።

እትዬ ተሻለች በር ሊዘጉ ሲወጡ አገኟት።

"ምን ሆነሻል? ፊትሽ እንዲህ የጠቆረው?"

ነገረቻቸው። ስለ ፕሮግራሙ ብዙም አልገባቸውም፤ መቶ እንግዳ ጠርታ ማስቀመጫ ማጣቷ ግን በደንብ ገባቸው። ጥቂት አሰብ አድርገው "ታዲያ የእድሩ ድንኳን ምን ሆነና ነው?" አሉ፣ የጠፋ ማንኪያ እንደሚያሳዩ ሁሉ።

የእድሩን ዕቃ ቤት የሚጠብቁት አቶ ዲበኩሉ ናቸው። ለፋፊውም እሳቸው ናቸው። ሰው ሲሞት ጎህ ሳይቀድ ጥሩምባቸውን ይዘው ይወጣሉ፣ ቀን ደግሞ የድንኳኑንና የወንበሩን መዝገብ ይይዛሉ። መዝገቡ ሠላሳ ዓመት ያስቆጠረ፣ ጀርባው በፕላስተር የተለጠፈ ትልቅ ደብተር ነው። ዓርብ ጠዋት ኤቢሴ ስትሄድ መነጽራቸውን አድርገው ጠበቋት።

"ቀን፣ ነገ። ስም፣ ኤቢሴ ገርባ። ምክንያት የሚለው ላይ ምን ልበል? ለቅሶ ነው ሠርግ?"

"ሁለቱም አይደለም ጋሼ። ጉባኤ ነው።"

"የምን?"

ለማስረዳት ሞከረች። አቶ ዲበኩሉ በትዕግሥት ሰምተው ሲያበቁ ያችን ቦታ ባዶ ተዉአት። "ኋላ እንሞላታለን። ግን ልጄ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ከአሁን እስከ ነገ ሰው ከሞተ ድንኳኑ ይነሣል። ይህን እኔም አልለውጠውም።"

"ገብቶኛል ጋሼ።"

"ድንኳን ተተክሎ ሲያይ ጎረቤቱ ይደነግጣልና ልናገርልሽ?"

"ይናገሩልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ" አለች፤ እያሰበች ያለችው ስለ ኤሌክትሪክ ገመድ ነበር።

ድንኳኑ ዓርብ ከሰዓት በኋላ በግቢው ፊት ለፊት ባለው መንገድ ላይ ተተከለ። የአዳማ ነፋስ አላሳርፍ ስላለ ካስማው ላይ ድንጋይ ተጨመረበት። ኤቢሴ ለተመዘገቡት ሁሉ ቦታው መቀየሩን ላከች፤ የሆቴሉን ዘበኛም የሚመጣውን እንዲመራላት ለመነችው። ከዚያ ጋደም ብላ ጎረቤቶቿን ሁሉ በሐሳብ ጎበኘች። ኩላሊታቸውን የሚያማቸው አቶ ጫምሳ፣ ማዶ ያሉት አልጋ የያዙ አሮጊት፣ ሁሉም እስከ እሑድ ደኅና ይሁኑልኝ አለች። ለራሷ ጉባኤ ብላ የሰው ዕድሜ መለመኗ አሳፈራት፤ አፍራም መለመኗን አልተወችም።

ቅዳሜ ጎህ ሊቀድ ሲል ጥሩምባ ሰማች።

ኤቢሴ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ቀረች። መጀመሪያ ያሰበችው ድንኳኑን ነው። ቀጥሎ ማን ይሆን አለች፤ ቅደም ተከተሉን ራሷ ስትታዘበው ዕንባዋ መጣ። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወጣች። ድንኳኑን ለማፍረስ ማገዝ የሷ ፋንታ ነውና እየሮጠች ስትታጠፍ አቶ ዲበኩሉ መንገዱ መሃል ቆመዋል። ጥሩምባቸውን አወረዱና ለፈፉ፤

"የእድራችን አባል የወይዘሪት ኤቢሴ ገርባ እንግዶች ዛሬ ስለሚመጡ ድንኳን ተተክሏልና እንዳትደነግጡ።"

ደግመው ነፉ።

"ጋሼ" አለች ኤቢሴ ትንፋሿ ተቆራርጦ፣ "ምን እያደረጉ ነው?"

"ይናገሩልኝ አላልሽም?"

ሠላሳ ዓመት ሙሉ አቶ ዲበኩሉ ለሰፈሩ የተናገሩት በዚያች ጥሩምባ ነው፤ ሰፈሩም ጥሩምባዋን ሲሰማ ቀሪውን ቃል የሚያዳምጥበት ልማድ የለውም። ስሙን ብቻ ይይዛል። ፀሐይ ስትወጣ ከፍራንኮ ማዶ ሳይቀር ሰው ነጠላውን እያዘቀዘቀ ይመጣ ጀመር። ገሚሱ የሻሸመኔ አባቷ ሞተዋል ብሎ ነው፤ ገሚሱ ራሷ ኤቢሴ ሞታለች ብሎ። አንዲት እናት እያለቀሱ ገብተው ቆማ ሲያይዋት ደረታቸውን ይዘው ወንበር ላይ ወደቁ፤ ከዚያ ተነሥተው አቀፏት። አንዲት ልጅ ከሻሸመኔ መጥታ በዚህ ሰፈር እንዲህ የሚለቀስላት መሆኗን ኤቢሴ ያን ጠዋት አወቀች።

ፕሮግራመሮቹ ቦርሳቸውን አንግተው ሲደርሱ የጠበቃቸው ይህ ነው። ጥግ ጥጉን ይዘው አቀርቅረው ተቀመጡ። ከመቂ የመጣችው ዋፊቃ ኤቢሴን ስታይ በኦሮምኛ "ማልቱ ተኤ?" ምን ተፈጠረ ብላ በሹክሹክታ ጠየቀቻት። ሦስት ሰዓት ላይ ቢኒያም ከአዲስ አበባ ደረሰና ድንኳኑ በር ላይ ደርቆ ቆመ።

"ማን ሞቶ ነው?"

"እስካሁን ማንም" አለችው።

እውነቱ ሲነገር ሰዉ ይቆጣል ብላ ፈርታ ነበር። እትዬ ተሻለች ግን ነጠላቸውን አስተካክለው "ንፍሮው ተቀቅሏል፣ እኛም መጥተናል፤ ከመጣን አይቀር እንስማው" አሉና ከፊት ተቀመጡ። ሆቴሉ ሊያቀርበው የነበረው ቁርስ በዚሁ በንፍሮ ተተካ። ፕሮጀክተሩ ሲበራ የድንኳኑ ብርሃን ምስሉን ዋጠው፤ ኤቢሴ ምን እንደምታደርግ ስታሰላስል እናቶቹ ተነሥተው ጋቢያቸውንና ብርድ ልብሳቸውን በየቀዳዳው ሰቀሉላት። ጽሑፉ ከነምስሉ ጎልቶ ወጣ።

መጀመሪያ የተናገረችው ዋፊቃ ናት። የመቂ ሽንኩርት አምራች ደላላ ከመምጣቱ በፊት የአዲስ አበባን የገበያ ዋጋ በአጭር መልእክት የሚያውቅበትን ፕሮግራም አሳየች። አማርኛዋ ሲያጥራት በኦሮምኛ ትቀጥላለች፤ አንዱ ያልገባው ጎኑ ያለውን ይጠይቃል። ስትጨርስ አቶ ዲበኩሉ እጃቸውን አወጡ።

"ሽንኩርት የሚናገር ከሆነ፣ ለእድርም ይናገራል?"

ዋፊቃ ሣቀች፤ ከዚያ ላፕቶፗን ሳበች። ሁለት ልጆች ከሻሸመኔ፣ አንድ ከባቱ መጥተው ከበቧት። የአባላቱን ስልክ ቁጥር አቶ ዲበኩሉ ከደብተራቸው እየጠሩ ሌሎቹ አስገቡ። ሌላው ንግግር ሁሉ ቀጠለ፤ ከምሳ በኋላ ዋፊቃ ተነሥታ "ስልካችሁን ያዙ" አለች። ድንኳኑ ውስጥ ያለ ስልክ አንድ በአንድ መጮህ ጀመረ። እትዬ ተሻለች መነጽራቸውን አጥተው ስልኩን ለኤቢሴ ሰጧት፤ እሷም ጮክ ብላ አነበበችላቸው።

"የእድራችን አባላት፣ ዛሬ ማንም አልሞተም።"

እንደዚያ ያለ ሣቅ ያ ድንኳን ሰምቶ አያውቅም። አቶ ዲበኩሉ ጥሩምባቸውን ጉልበታቸው ላይ እያገላበጡ "ደጉ ወሬ በዚህ ይላክ፤ ክፉውን እኔው እችለዋለሁ" አሉ።

ማምሻውን ወንበር ሲሰበሰብ ቢኒያም የተሰብሳቢውን ዝርዝር ይዞ መጣ።

"ፕሮግራመሮቹ ሰማንያ ስድስት ናቸው" አላት።

ኤቢሴ ወንበር ማጠፏን ቀጠለች። መቶ እንዳልሞላ ታውቃለች፤ ቀኑን ሙሉ ሳትቆጥር የዋለችው ለዚህ ነበር።

በዚህ መሃል አቶ ዲበኩሉ ደብተራቸውን ይዘው ደረሱ። ባዶ ትተዋት የነበረችው ቦታ ላይ በትልልቅ ፊደል "ጉባኤ" ብለው ጻፉ። ከዚያ ገጹን ገልብጠው አዲስ መስመር ላይ የኤቢሴን ስም አሰፈሩና ብዕራቸውን እንደያዙ ቀና አሉ።

"የከርሞው መቼ ነው?"

ኤቢሴ ቢኒያምን አየችው። ቢኒያም ዝርዝሩን አየ፤ ዋፊቃ ዙሪያ ስልካቸውን ዘርግተው የቆሙትን እናቶች አየ፤ የተሰቀሉትን ጋቢዎች አየ። ዝርዝሩን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ።

"የኅዳር የመጨረሻው ቅዳሜ" አለ። "እዚሁ።"

አቶ ዲበኩሉ እያንዳንዱን ፊደል እየተጠነቀቁ ጻፉ። በዚያ የሠላሳ ዓመት ደብተር ውስጥ ገና ያልደረሰ ዓመት ሲጻፍ የመጀመሪያው ነው። ኤቢሴ ቀለሙ እስኪደርቅ ድረስ ከጎናቸው ቆማ አየችው።