ደጄ ላይ የቀረው ድንጋይ

ይህ ከሆነ አራት ዓመት አልፎታል። ሰው ሁሉ «ተይው፣ እርሺው» ይለኛል። እንዲህ ከሚሉኝ ውስጥ አንዱም እዚያ አልነበረም። እዚያ ከነበሩት ደግሞ የሆነውን አስተካክሎ የተናገረ እስከ ዛሬ የለም። ስለዚህ እኔው እጽፈዋለሁ።

የተወለድኩት አንኮበር ነው፤ የምኖረው ደብረ ብርሃን። ባለቤቴ መሪጌታ ነበሩ፤ ዐርፈዋል። ትዕግሥት የምትባል አንዲት ልጅ አለችኝ። ያን ጊዜ አንድ ዐረብ አገር በሰው ቤት ሥራ ዘጠነኛ ዓመቷን ይዛ ነበር። በነዚያ ዓመታት አንድ ቀን እንኳን ዐይኗን አላየሁም።

የደብራችን ማኅበር ወደዚያው አገር ለሐዋርያዊ ጉዞ ሰባት ሰው ሊልክ ሆነ። እዚያ ያሉት ልጆቻችን ስብከትና መዝሙር ናፍቋቸዋል፣ ሁለት ሳምንት አገልግላችኋቸው ትመጣላችሁ ተባለ። የደብሩ አለቃ የባለቤቴን ድካም አስበው «እትዬ ዘውዴም ትሂድ፤ ልጇንም አይታ ትምጣ» አሉ።

የጉዞው መሪ የማኅበሩ ሰብሳቢ ነበረች። ስሟን አልጽፍም፤ የሚያውቃት ያውቃታል። በወጣትነቷ እዚያው አገር ሠርታ ስለነበር ዐረብኛ ትችላለች። ለመሪነት ያበቃት ዐረብኛዋ ነው፤ ጸሎቷን አላየሁትም። ስሜ ሲጠራ በጉባኤው ፊት «እትዬ ዘውዴ ሄዳ ምን ልታገለግል ነው? የደብረ ብርሃንን ብርድ ልታወራላቸው?» አለች። ሰው ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ልጄን እስካይ ድረስ በምንም ነገር ለመሳቅ ዝግጁ ነበርኩ።

በመነሻችን ዋዜማ ቤቴ ድረስ መጣች። አርባ ትንንሽ የላስቲክ ቋጠሮ ይዛለች። ከአንኮበር ገዳም የመጣ እምነት ነው፤ ያ ሕመምተኛ ግንባሩን የሚቀባውና በጠበል በጥብጦ የሚጠጣው የተባረከ አመድ። እዚያ ያሉት ልጆች አምጡልን ብለው ለምነው ነበር።

«የእኔ ሻንጣ በመጻሕፍት ሞልቷል፤ አንቺ ዘንድ ይሁን» አለችኝ።

«ይፈትሹ የለም ወይ?»

«አሮጊት ማን ይፈትሻል? ደግሞ በረከት ነው፤ በረከት ከበደሽ?»

አልከበደኝም። ለልጄ ከያዝኩት በሶ አጠገብ ከተትኩት።

ትዕግሥትም በዚያው ቀን ደወለች። እመቤቷ ግማሽ ቀን ፈቅዳላታለች። «እማዬ፣ መውጫው በር ላይ ቆሜ እጠብቅሻለሁ። ጫማ ገዝቼልሻለሁ። ባለፈው እግርሽን በክር ያስለካሁሽ ለሱ ነበር» አለችኝና ሳቀች። ሳቋ የልጅነቷ ሳቅ ነበር።

እዚያ አገር አውሮፕላን ማረፊያ የደረስነው ረፋድ ላይ ነው። ስድስቱ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ ይነሣሉ። እኔ ጋቢዬን ደርቤ በላብ እጠመቃለሁ፤ ዐይኔ ግን በሩን ይፈልጋል። ሁላችንን የሚጠራው የግብዣ ደብዳቤ ሰብሳቢዋ እጅ ነበር።

አንድ ፖሊስ ሻንጣዬን አስከፈተኝ። ቋጠሮዎቹን እያወጣ ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው። ግራጫ ዱቄት፣ አርባ ቋጠሮ። ፊቱ ተለወጠ። አንድ ነገር ጠየቀኝ፤ ቋንቋውን አላውቅም። ክፉ ነገር እንዳልሆነ ላሳየው ብዬ አገሬ እንደማደርገው አደረግሁ። አንዱን ፈታሁ፣ በጣቴ ነክቼ ግንባሬን ቀባሁ፣ ቆንጠር አድርጌ ምላሴ ላይ አኖርሁ። ለሱም ዘረጋሁለት።

ሰውየው ጮኸ። እጄን መትቶ አመዱን አራገፈው። ሌሎች ፖሊሶች ሮጠው ከበቡኝ። አገሬ ላይ ባደርገው አጠገቤ ያለው ሁሉ «ለእኔም» ብሎ ግንባሩን ይሰጠኝ ነበር። እዚያ ግን ለካ ዕፅ የምትነግድ አሮጊት ዕቃዋን ስትቀምስ ነው የመሰልኩት።

«ንገሪያቸው እንጂ!» አልኳት ሰብሳቢዋን።

ቀረብ አለች። በዐረብኛ ተናገረች፤ በአገጯ ወደ እኔ ጠቆም አድርጋ ራሷን ነቀነቀች። ፖሊሱ ደግሞ ጠየቃት። ደግማ ነቀነቀች። ከዚያ ደብዳቤውን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«ምን አልሻቸው?»

«እያስረዳሁልሽ ነው። አንቺ ብቻ አትለፍልፊ፤ አጣርተው ይለቁሻል።»

ከስድስቱ አንዱ የሆነውን ሰባኪያችንን ቀና ብዬ አየሁት። አየኝና ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ማሰር ጀመረ። ክር ያለው ጫማ አላደረገም ነበር። ስድስቱም አለፉ።

እኔን መስኮት የሌለው ክፍል አስገቡኝ። ስልኬን ወሰዱ። ሴት ፖሊስ መጥታ መቀነቴን ሳይቀር አስፈታችኝ። ከብዙ ቆይታ በኋላ አንዲት የኛ አገር ልጅ መወልወያ ይዛ ገባች፤ እዚያው በጽዳት የምትሠራ ናት።

«እማማ፣ ከየት ነዎት?»

«ከደብረ ብርሃን።»

«እኔም ከዚያው አቅራቢያ፣ የደነባ ልጅ ነኝ!» አለችና ዐይኗ እንባ ሞላ። እንዳያስወጧት አንዱን ቦታ ደጋግማ እየወለወለች አዋራችኝ። ወጥታ ጠይቃልኝም ተመለሰች።

«እማማ፣ መርምረውታል፤ አመድ መሆኑን አውቀዋል።»

«እንግዲያው ይልቀቁኛ!»

አንገቷን ደፋች። «የሚቀበልዎት የለም ነው የሚሉት። መሪዋ ‹ከእኛ ጋር አይደለችም፤ አውሮፕላን ላይ ነው ያገኘናት› ብላ ፈርማለች።»

ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። «ልጄ ውጪ በር ላይ ናት። ትዕግሥት ብለሽ ጥሪያት፤ እናትሽ እዚህ ናት በያት» አልኳት።

«ከዚያ በር ካለፍኩ ያባርሩኛል። እማማ፣ ይማሩኝ።»

ማርኳት። በዚያ ቀን የማርኩት እሷን ብቻ ነው።

ከሰዓት በኋላ በመጣሁበት አውሮፕላን መለሱኝ። ከልጄ ጋር የነበረን ርቀት ከቤቴ እስከ ወፍጮ ቤቱ አይሞላም ነበር።

ቡድኑ ከሁለት ሳምንት በኋላ በእልልታ ገባ። በማግስቱ ሰባኪው አንድ ካርቶን ይዞ መጣ። «ልጅሽ ሰላም ብላሻለች» አለኝ፤ ሳይቀመጥ ሄደ። ካርቶኑ ውስጥ ጥቁር ጫማ ነበር። ከልጄ ጋር ተገናኝተዋል ማለት ነው። ምን ተባብለው ይሆን?

ትዕግሥት ስድስት ወር ስልኬን አላነሣችም። ያነሣች ቀን «ምነው እማዬ፣ አሁን ደግሞ ሐሳብሽን ቀየርሽ?» አለችኝ። ሰብሳቢዋ በሩ ላይ አግኝታት «እናትሽ ሐሳቧን ቀይራ ቀረች፤ አገሬን ትቼ የት እሄዳለሁ አለች» ብላታለች። ልጄ ጫማውን ሰጥታ፣ ፊቷን ታጥባ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

እውነቱን ነገርኳት። «አምንሻለሁ» አለች፤ ድምፁ ግን የልጄ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ የምትደውለው በበዓል በበዓል ነው። አገር ስለ መግባት ካነሣሁ መስመሩ አይሰማም ትለኛለች።

ነገሩን ለጉባኤው አቀረብኩ። ሰብሳቢዋ «ሰባታችንም ከምንመለስ አንድ ሰው ቢመለስ ይሻላል ብዬ ነው» ብላ መለሰች። ይህን ቃል ከእሷ በፊት የተናገረ ሊቀ ካህናት አለ፤ ወንጌል ያነበበ ያውቀዋል። ልጄን ለምን እንደ ዋሸቻት ግን አልመለሰችም። ሰባኪውም በዚያ ዓመት በሕማማት ስለ ጴጥሮስ ክህደት አስተማረ። ድምፁ ያምራል።

ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ ሰብሳቢዋ ሦስት ሽማግሌ አስቀድማ፣ ድንጋይ ተሸክማ ደጄ መጣች። ታማለች፤ ከስታለች። መቁረብ ፈልጋ የነፍስ አባቷ ሳትታረቂ አይሆንም ብለዋታል። እኔም ልጄ የላከችውን ጫማ አድርጌ ወጣሁ። ልክክ ብሎኛል፤ ክሩን በደንብ ነበር የለካሁት።

«ዘውዴ፣ ስለ እግዚአብሔር ብለሽ ይቅር በያት» አሉ አንደኛው ሽማግሌ።

ድንጋዩ ከብዷት ጉልበቷ ይንቀጠቀጣል። እስኪበቃኝ አየኋት።

«አባቶቼ፣ ይህች ሴት ማን ናት? እኔ አላውቃትም። መንገድ ላይ ነው ያገኛችኋት?» አልኳቸው።

«ኧረ የሰማይ ያለህ! ድንጋይ የተሸከመ ሰው እንዴት ይመለሳል?» ብለው ጮኹብኝ። እሷ ግን ገብቷታል። ድንጋዩን አወረደች፤ በሽማግሌው ክንድ ተደግፋ ሄደች።

አሁን የእኔም የነፍስ አባት ካልታረቅሽ አትቆርቢም ብለውኛል። ሰፈሩ ጨካኝ ይለኛል። ነኝ። ሰብሳቢዋ ከአልጋ እንዳልተነሣች እሰማለሁ፤ ሰምቼም እንቅልፌን እተኛለሁ።

ድንጋዩ ከወደቀበት አልተነቃነቀም። ሽማግሌዎቹ በያዝነው ወር ደግመው መጥተው ነበር። የነገርኳቸው ይህን ነው፦ ልጄ አገሯ ገብታ፣ በዚህ ደጅ አልፋ፣ «እማዬ፣ አንሺው» ካለችኝ በገዛ እጄ አነሣዋለሁ። እስከዚያው እዚያው ይቀመጥ፤ እኔም ልጄም ጠብቀናል።