መኪናዬ ሳትበላ የዋለችበት ቀን

በአርባ ምንጭ ከተማ በክርክር የሚረታኝ ሰው ገና አልተወለደም። ጫሞ ዳር አንድ ዓሣ ነጋዴ ከእኔ ጋር ሲከራከር ውሎ፣ በመጨረሻ ዓሣውን በነፃ ትቶልኝ ሄዷል። እርግጥ ነው፣ እስክንጨርስ ዓሣው ሸቶ ነበር።

ያሳደገችኝ አክስቴ ከዶርዜ ወዲያ ባለው መንደሯ ታማ ከተኛች ሰንብታለች። አንድ ጠዋት እህቴ ደወለች።

«ዛሬን የምታልፍ አይመስለኝም። አንተን ትጠራለች።»

«በስልክ አገናኚኝ።»

«በስልክ አልፈልግም አለች። ይምጣና አንድ ውሸት ያውራልኝ ነው የምትለው።»

ልጅ ሳለሁ ሌላው ሁሉ ማጋነኔን በአርጩሜ ሊያስተወኝ ሲሞክር፣ እሷ ግን ሆዷን ይዛ ትስቅልኝ ነበር።

መኪናዬ የኤሌክትሪክ ናት። ባትሪዋ አሥራ አራት በመቶ ላይ ነበር፤ በዚያ የዶርዜን ዳገት መውጣት አይታሰብም። ስለዚህ ቻርጅ ማድረጊያ ወዳለበት አንድ ሆቴል ግቢ ገባሁ። ደንቡ በሰሌዳ ተጽፏል፦ ቻርጅ የሚያደርግ የማቆሚያ አይከፍልም፤ ዝም ብሎ ቦታውን የያዘ በሰዓት ይከፍላል። ገመዱን ስሰካ አንድ ወዳጄ ደወለልኝ። ቀልድ ጀመርኩለት፤ እያወራሁ ሄጄ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጥኩ። የዓሣ ጥብስም አዘዝኩ።

ስምንት ሰዓት ላይ ስመለስ የማቆሚያ ሒሳብ የምትሰበስበው ሴት ደረሰኝ ቆርጣ ትጠብቀኛለች። በእኔው ዕድሜ ያለች፣ ረጋ ያለች የአገሩ ሴት ናት።

«ጋሼ፣ የሁለት ሰዓት ተኩል ነው።»

«ቻርጅ እያደረግኩ እኮ ነው።»

«መኪናህ አልበላም። ቆሞ ነው የዋለው።»

«የመኪናዬን ሆድ በየት በኩል ገብተሽ አየሽው?»

«ይኸው መብራቱ። ሲበላ ሰማያዊ ነው። ይሄ አረንጓዴ ነው።»

«አረንጓዴ ማለት ጠግቧል ማለት ነው። አንቺ ስትጠግቢ መልክሽ አይለወጥም?»

አስተናጋጆቹ ሳቁ። እኔ ደግሞ ሳቅ ከሰማሁ ማቆም አልችልም፤ በሽታዬ ነው። ሥራ አስኪያጁ ይጠራ አልኩ። ሰሌዳውን እንደ ሕገ መንግሥት አንቀጽ በአንቀጽ ተነተንኩላቸው። የተጠየቅኩት ብር የበላሁትን ዓሣ ዋጋ ሩብ እንኳ አይሆንም። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ሦስት ጊዜ ነዘረ። እህቴ እንደሆነች አውቃለሁ፤ ግን ላሸንፍ ጥቂት ሲቀረኝ እንዴት ላንሳ? የመኪናዬን በር ከፍቼ ባትሪውን ባየው እኮ ነገሩ ያልቅ ነበር። ማየት ግን ራሴን መጠራጠር መሰለኝ።

አርባ ደቂቃ ያህል እንደተጨቃጨቅን የሆቴሉ ሽማግሌ ዘበኛ ከአጥሩ ሥር እርጥብ ሣር ነጭተው መጡና በመካከላችን ተንበረከኩ። በጋሞ ሽማግሌ ሣር ይዞ ከተንበረከከ፣ የደም ጠብ እንኳ ቢሆን እዚያው ላይ ይቆማል። ሴትዮዋ ወዲያው ደረሰኙን አጣጥፋ ኪሷ ከተተች።

«በቃ አባባ፣ ተነሱ። ሂድ ጋሼ፣ አትከፍልም።»

እኔ ምን አልኩ? «ለሣሩስ ደረሰኝ አላችሁ?»

አሁን ማንም አልሳቀም። ሽማግሌው ጉልበታቸውን ደግፈው ቀስ ብለው ተነሱ። ፊቴን እንኳ አላዩኝም።

ረታሁ ብዬ መኪናዬ ውስጥ ገባሁ። አሥራ አራት በመቶ።

እዚያው ትቻት በባጃጅ መናኸሪያ ሄድኩ። ሚኒባሱ እስኪሞላ ድረስ ሹፌሩን ቶሎ እንዲነሳ ስለምን ቆየሁ፤ በልመና ደግሞ ማንንም ረትቼ አላውቅም። ዳገቱን ስንወጣ ብርዱ በመስኮት ገባ። እህቴ መደወል አቁማለች። እኔም ለመደወል ፈራሁ። ከመንገዱ ወርጄ ወደ መንደሩ ስታጠፍ መዝሙር ሰማሁ። ለታመመ ሰው ያን ያህል ሕዝብ አይዘምርም።

እህቴ በር ላይ ተቀበለችኝ።

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት ዓይኗን ከዚህ በር ላይ አላነሳችም» አለች። «ምን ሆነህ ነው?»

«መብራት ጠፋ። ቻርጅ ማድረግ አልቻልኩም።»

አጠገቧ የቆሙት ለቀስተኞች ራሳቸውን ነቀነቁ። በአገራችን መብራት ጠፋ ሲባል የሚጠራጠር የለም። አንድ አጎቴ ጭራሽ ትከሻዬን አቅፎ «ምን ታደርግ» ብሎ አጽናናኝ። አክስቴ ልትሰማው የጓጓችውን ውሸት ለእነሱ ነገርኳቸው።

በዚያ ቀን አርባ ምንጭ ላይ መብራት አልጠፋም። ሴትዮዋም ልክ ነበረች። ገመዱን ሰክቼ፣ ቀልዴን ላወራ ስጣደፍ፣ የማስጀመሪያውን ቁልፍ ሳልጫን የሄድኩት እኔ ነኝ።