ጨው የበላት ቮልስ

ክረምት ሲገባ ወጥ ቤቴ ውስጥ ያለው አሞሌ ጨው ያልበዋል። ዛሬ ጠዋት በጣቴ ነካሁትና ቀመስኩት፤ ወዲያው የአባቴ ሰማያዊ ቮልስ ሞተር ከጀርባዬ ሲንተከተክ የሰማሁ መሰለኝ። የቮልስ ሞተር ከኋላ መሆኑን ታውቁ የለ? ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው።

ያኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። አባቴ ከወሎ መጥቶ መቐለ የቀረ የቢሮ ሠራተኛ ነው። እናቴ ደግሞ የቁሓ ልጅ፣ ገበያ ላይ አሞሌ የምትሸጥ ነጋዴ። እሑድ እሑድ ሦስታችን ከመቐለ በላይ ወዳለችው ቁሓ ወጥተን አክስቴን እንጠይቅ ነበር። አባቴ ለዚያች መንገድ ሲል ቅዳሜን መኪናዋን ሲያጥብና ሲወለውል ይውላል፤ እናቴን ከጎኑ አስቀምጦ ቁሓ መግባት ለእሱ በየሳምንቱ የሚደገስ ሠርግ ነበር።

አንድ እሑድ ስንመለስ፣ ከቁሓ ቁልቁል በሚወርደው ጠመዝማዛ ላይ ካፊያ ጣለ። አባቴ መታጠፊያው መሐል ደነገጠና እግሩን ከነዳጁ ላይ አነሣ። የመኪናዋ ኋላ ከመንገዱ ወጣ፤ ዓለም ዞረችብን። ስንቆም አፍንጫችን ወደመጣንበት ዞሯል። ማንም አልተጎዳም። እርጥብ አፈርና ጎማ ጎማ ይሸታል። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ወረደችና «መኪናህ ቁሓ መመለስ ካማራት ለብቻዋ ትመለስ» ብላ በእግሯ ቁልቁለቱን ተያያዘችው።

ከዚያ ወዲያ ቮልሷ ላይ አልወጣም አለች። እሑድ ሲመጣ እሷ በታክሲ ትሄዳለች፤ አባቴ ደግሞ ከጎኑ ባዶ ወንበር ይዞ ታክሲውን ከኋላ ይከተላል። ምናልባት ሐሳቧን ብትለውጥ ብሎ ነው። ሰፈሩ «አጃቢው መጣ» እያለ ሳቀበት። እኔ ከኋላ ወንበር ሆኜ ጆሮው ሲቀላ አይ ነበር።

ሮማናት አደባባይ አካባቢ ጋራዥ የነበረው መካኒክ ወዳጁ ነበርና ወሰዳት። መኪናዋን በክሪክ ሲያነሣት የኋላ ጎማዎቿ ተንጠልጥለው ወደ ውስጥ ታጠፉ።

«አየህ ሓወይ» አለው፤ «ክብደቷ ሁሉ ኋላ ነው። መታጠፊያ ላይ ድንገት እግርህን ስታነሣ ኋላዋ ብድግ ይላል፣ ጎማው ከሥሯ ይታጠፋል፣ ከዚያ ሞተሩ እየጎተተ ያዞራታል። አፍንጫዋ ባዶ ነዋ።»

ከአሮጌ የጭነት መኪና ባሌስትራ አንዷን ዝርግ ብረት አውጥቶ፣ ጎማዎቹ እንዳይታጠፉ ከኋላ ከሥር በአግድም አሰረላት። ኋላዋን ትንሽ ዝቅ አደረገው፤ ከፊት ጎማዎቿም አየር ቀነሰ። «አሁን አፍንጫዋ ላይ የሚከብድ ነገር ጫን» ብሎ ሸኘን።

አባቴ የፊቱን ኮፈን ከፍቶ አሸዋ በጆንያ ጫነ። አሸዋው ግን መኪናዋ በነጠረች ቁጥር ወደ አንድ ጎን ይከማቻል፣ ይፈሳልም። እናቴ ከበረንዳው ሆና ታየው ነበር። ቅዳሜ ከገበያ ስትመለስ አሞሌ አስጭና መጣች። በጆንያ ጠቅልላ፣ በጨው ነጋዴ ቋጠሮ ጥፍር አድርጋ አስራ ኮፈኑ ውስጥ ደረደረችው።

«ኣንታ፣ አሸዋ መቼ ይረጋል?» አለችው። «ግመል እንኳ ግራና ቀኙ እኩል ካልሆነ መች ይሄድልሃል?»

በማግስቱ ማንም ሳይለምናት መጥታ ከፊት ተቀመጠች። አባቴ በሩን እንኳ በቀስታ ዘጋላት፤ እንዳያስበረግጋት ፈርቶ ይመስለኛል። ስንመለስ እዚያ መታጠፊያ ጋ ስንደርስ መንገዱ እርጥብ ነበር። አባቴ አስቀድሞ ፍጥነቱን ቀነሰ፤ ከገባ በኋላ ግን እግሩን አላነሣም። ቮልሷ መንገዱን ይዛ ዞረች። እናቴን አየኋት፤ ጭኗ ላይ ፌስታል ዘርግታ በለስ ትልጣለች። አንዱን አጎረሰችው። መሪውን በሁለት እጁ እንደያዘ ጭማቂው በአገጩ ላይ ወረደ፤ ዐይኑም እርጥብ ነበር።

አሁን ሳስበው በጨው የሚተዳደር ቤት፣ ጨው ብረት እንደሚበላ መርሳቱ ይገርመኛል። ሦስታችንም ደስታው አሳውሮናል። ክረምቱ ሲገፋ አሞሌው እያላበ ወለሏን በላውና አንድ ጠዋት ከነዝገቱ ግቢው ላይ ተዘረገፈ። እናቴ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «የጨው ተራራ ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል» አለችና ጣቷን አስነክታ ላሰች፤ አባቴም ላሰ። መካኒኩ ላሜራ በየደላትና ከዚያ በኋላ የምትጭነው ድንጋይ ሆነ።

ዓመታት አልፈው እናቴ አረፈች። አባቴ ግን እሑድ ቁሓ መውጣቱን አልተወም። ከሐዘኑ በኋላ በመጣው ክረምት አብሬው ልሄድ ብዬ፣ የያዝኩትን ዘንቢል ላስቀምጥ ኮፈኑን ከፈትኩ። ድንጋዩ የለም። አሞሌ ተደርድሯል፣ ግራና ቀኙ እኩል። ጆንያው የእናቴ ነበር። ቋጠሮው ግን የእሷ አይደለም፤ ላልቷል።

«አባ፣ ጨው እኮ ይበላታል» አልኩት።

«ይብላት» አለኝ።

ኮፈኑን ቀስ አድርጎ ዘጋና ሞተሩን አስነሣ። እኔም እንደ ልማዴ ከኋላ ተቀመጥኩ።