አዴ ድርቤ እና የወተቱ ቅል

እኛ ግቢ ጠዋት የሚጀምረው በአዴ ድርቤ ድምፅ ነው። ጉሙ ከጣሪያው ሳይነሣ፣ እኔም ከሕልሜ ግማሽ ወጥቼ ግማሽ ሳልወጣ፣ የቆርቆሮው በር ይንኳኳና «አከም ቡልተን!» ይላሉ፤ እንዴት አደራችሁ ማለታቸው ነው። ከከተማው ውጭ ካለችው ጉቴ በመጀመሪያው ሚኒባስ ይመጣሉ። የታቀፉት የወተት ቅል በወይራ ጭስ የታጠነ ስለሆነ ሽታው ከእሳቸው ቀድሞ ይገባል። አንዳንድ ቀን ድምፁንም ሽታውንም ሕልም ነው ብዬ እተኛለሁ፤ ወተቴም ያመልጠኛል። ጥፋቱ የእኔ ሳይሆን የነቀምት ጉም ነው። ደብረ ማርቆስ ተወልጄ ያደግሁ አስተማሪ ነኝ፣ ብርድ አላጣሁም፤ እንዲህ እሹሩሩ የሚል ጉም ግን የትም አላየሁም።

አዴ ድርቤ የአከራዬ የጨመዳ ታላቅ እህት ናቸው፤ «አዴ» እንደ «እማማ» ያለ የኦሮምኛ የአክብሮት መጠሪያ ነው። እናታቸው ስትሞት ጨመዳ ገና ጥርስ ያላበቀለ ሕፃን ነበር። ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ ቡሬ በምትባል አንዲት ዝንጉርጉር ላም ወተት። ያቺ ቡሬ ከሞተች ቆይታለች፤ ዛሬ የሚያልቧቸውን ዘሮቿን ግን ሁሉንም ቡሬ እያሉ ይጠራሉ። ለሳል ወተት ያዛሉ፣ ለሐዘን ወተት፣ ለፈተና ለሚቀመጥ ተማሪም ወተት። ወተት ይዞ የመጣን ሰው ደግሞ እዚህ ማንም አይመልስም። ወተት መመለስ ምርቃት እንደ መመለስ ነው።

ባለፈው ክረምት ጨመዳን ኩላሊቱ ላይ ኃይለኛ ኢንፌክሽን ያዘውና ሆስፒታል ተኛ። በመርፌ ሲሻለው ሲፕሮ የሚባለውን እንክብል ይዞ ወደ ቤት ተላከ። መድኃኒቱን የሰጠችው ልጅ በውሃ ብቻ ዋጠው፣ ውሃ በብዛት ጠጣ፣ ወተትና እርጎ አታስጠጋው፣ ቢሻልህም ሳትጨርስ አታቁም ብላዋለች። ይህን እኛ የሰማነው በኋላ ነው።

በማግስቱ አዴ ድርቤ መጡ። ኃይለኛ መድኃኒት ሆድ ያቃጥላል ብለው ትኩሱን ወተት ኩባያ ሙሉ ቀዱለት።

«ዱጊ» አሉት በኦሮምኛ፤ «ጠጣ የኔ ወንድም።»

ጨመዳ ኩባያውን አየ፣ እህቱን አየ፣ እንክብሉን አፉ ውስጥ ጣለና ወተቱን ጨለጠው። እሳቸው እጃቸውን ዘርግተው ባዶውን ኩባያ ተቀበሉ። እኔም በሩ ላይ ቆሜ፣ እንዲህ ያለች እህት ያለችው ማን ነው ብዬ ቀናሁ። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት እንዲሁ ሆነ። የማታዋን እንክብልም ትተውለት በሚሄዱት ወተት ይውጣት ነበር።

ትኩሳቱ ተመለሰ። ዐይኑ ተከፍቶ ያልማል። ቡሬ በመስኮት ገብታ አልጋው ግርጌ ቆማ ታመነዥካለች ይለኛል። ከጡቷ ጉም ይፈሳል፣ ክፍሉ ይሞላል፣ እሱ ነጩ ውስጥ ቀስ እያለ ይሰጥማል፤ እህቱ ከላይ ስትጠራው ይሰማል፣ መልስ ልስጥ ቢል ድምፅ የለውም። ሲነግረኝ ፈገግ ይላል። እኔ ግን ፈራሁ። አዴ ድርቤም ፈሩና ወተቱን ጨመሩ።

ከጎረቤት ጋር ደግፈን ሆስፒታል መለስነው። ዶክተር ኤልዳና መረመረችውና «መድኃኒቱን በምንድን ነው የምትውጠው?» አለችው። ጨመዳ ወደ ግድግዳው ዞረ።

«በወተት ነዋ!» አሉ አዴ ድርቤ ኮራ ብለው። «እኔው ራሴ እያመጣሁለት።»

ዶክተሯ ብዕሯን አስቀመጠችና አጠገባቸው ተቀመጠች። «አዴ፣ ወተት መልካም ነው። ይሄን መድኃኒት ግን ሆድ ውስጥ ይዞ ያስቀረዋል፣ ወደ ደም በደንብ አያሳልፈውም። ባክቴሪያው አልሞተም፤ እንዲያውም መድኃኒቱን ሊለምደው ይችላል። አሁን ባክቴሪያው ወደ ደሙ እንዳይገባ ነው የምፈራው።»

አዴ ድርቤ ቅላቸውን ጭናቸው ላይ እንዳቀፉ ወደ አልጋው ዞሩ።

«ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

«በዚያ ጉም ተነሥተሽ መጥተሽ፣ እንዴት ብዬ ልመልስብሽ?»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። መድኃኒቱን በምን እንደሚውጥ የደበቀስ? በይሉኝታ ሊሞት ነበር እኮ ይሄ ሰው! ልቆጣው ስል አዴ ድርቤ ቀደሙኝ።

«ወተቴን እምቢ ብትለኝ አኮርፍ ነበር» አሉት። «ኩርፊያ ይበርዳል። አንተ ከሞትክ ግን ማንን ነው የማኮርፈው?» ከዚያ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ።

እንደገና በመርፌ ታከመ። ሽንቱ ተመርምሮ ያው መድኃኒት አሁንም እንደሚሠራለት ታወቀና እንክብሉን ይዞ ቤቱ ገባ። አዴ ድርቤ ግን ቀሩ። በሩን የሚያንኳኳ ጠፋ፤ እኔም ከሥራ አረፈድኩ። ጨመዳ ጠዋት ጠዋት እንክብሉን መዳፉ ላይ ይዞ በሩን እያየ ይቆያል። መድኃኒቱን በቧንቧ ውሃ ይውጣል፤ ምግብ ግን አይወርድለትም። ተቀይማኛለች፣ ከእንግዲህ አትመጣም ይለኛል።

አንድ ጠዋት፣ ጉሙ ግቢውን ሞልቶት፣ በሩ ተንኳኳ።

«አከም ቡልተን!»

ሕልም መስሎኝ ነበር፤ ጨመዳ ግን በባዶ እግሩ ወጥቶ ከፈተ። አዴ ድርቤ ቅል ታቅፈው ቆመዋል። ቅሉን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ፤ «እህቴ፣ ወተት መጠጣት አልችልም» አለ። በሕይወቱ የመጀመሪያው እምቢታው ሳይሆን አይቀርም።

አዴ ድርቤ ኩባያውን አነሡና ቀዱ። ከቅሉ የወረደው ጥርት ያለ ውሃ ነበር። ቅሉም አዲስ ነው፣ ወተት ነክቶት አያውቅም። በልጅነታቸው አዝለውት ይወርዱበት ከነበረው ምንጭ ቀድተው፣ አፍልተው፣ አቀዝቅዘው ነው ከጉቴ ያመጡት።

«ቢሻን ኬኛ» አሉት። የእኛ ውሃ።

ጨመዳ እንክብሉን ዋጠና ኩባያውን እስከ ሥሩ ጠጣው። እሳቸው እንደ ልማዳቸው ባዶውን ለመቀበል እጃቸውን ዘረጉ። እሱ ግን ኩባያውን አልለቀቀም።

«ድገሚኝ» አላቸው።