ንግግር የሚዘል እጮኛ

እጮኛዬ ንግግር ይዘላል። በጌም ማለቴ ነው። ጌሙ ውስጥ ያለው ሰው አፉን ሊከፍት ሲል እሱ ቁልፏን ይጫናል፤ ጽሑፉ ብልጭ ብሎ ይጠፋል፤ ምን ሊባል እንደነበር የሚያውቅ የለም። መጀመሪያ ሳየው ስቄበታለሁ። እየቆየ ግን ነገሩ ከሳቅ አለፈ። ልንጋባ ማሰባችን በኅብረታችን ፊት ሊነገር የቀሩት ጥቂት ዓርቦች ነበሩ። ዛሬ የጌም ሰው ንግግር የዘለለ ነገ የእኔን አይዘልም ያለው ማን ነው? እያልኩ እብሰለሰል ጀመር።

የቤት ሠራተኛ ነኝ፤ የምሠራውም የማድረውም እዚህ ዓረብ አገር፣ ሙዓይዘር የሚባል ሰፈር አንድ ቪላ ውስጥ ነው። ጌም ያስጀመረችኝ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው የቤቱ ትልቋ ልጅ ናት። አዲስ ስትገዛ በእጅ የምትያዘዋን አሮጌ መጫወቻዋን "ያላ፣ ውሰጂያት" ብላ ሰጠችኝ። ውስጧ አንድ አር ፒ ጂ የሚባለው ዓይነት ጌም ነበር። አንድን ሰው ሆኖ መግባት ነው፤ ከዚያ አገር ላገር መዞር፣ መዋጋት፣ መንደር ገብቶ ከሰው ጋር ማውራት፤ በሠሩት ልክ ደረጃ ያድጋል። ከምሳ በኋላ ቤቱ በሙሉ ሲተኛ ክፍሌን ዘግቼ እጫወታለሁ። ያልገባኝን እንግሊዝኛ ከስልኬ መዝገበ ቃላት እፈልጋለሁ።

እኔን የያዘኝ ውጊያው አይደለም፣ ወሬው ነው። አንዷ መንደርተኛ ትጠይቀኛለች፤ ሦስት መልስ ይቀርብልኛል፤ እስክመርጥ ቆማ ትጠብቀኛለች። እኔ ቀኑን ሙሉ ከአፌ የሚወጣው "ኦኬ ማዳም" እና፣ ስጨርስ፣ "ኸላስ ማዳም" ነው። ማዳም ክፉ ሴት አይደለችም። ብቻ "አንቺስ ምን ይመስልሻል?" ብላኝ አታውቅም፤ ምንስ ብላ ትጠይቀኝ፣ ሩዝ እንደሁ ሩዝ ነው።

አንዳንዴ ኢንተርኔት ላይ የጌም ወዳጆች የሚነታረኩበትን አነባለሁ። ጉድ ነው! አንዱ ታሪኩ ነው ዋናው ይላል፤ ሌላው ታሪክ የፈለገ ፊልም ይይ ብሎ ይመልሳል። ተራ ጠብቆ መምታት ነው እውነተኛው አር ፒ ጂ የሚልም አለ፣ እሱን የሚሰድብም አለ። ፊት ለፊት ቢገናኙ የሚደባደቡ ነው የሚመስሉት። ሰው ለመዝናኛ እንዴት እንዲህ ደሙ ይፈላል? እል ነበር። እኔም ብሼ እስክገኝ ድረስ ማለት ነው።

ከእጮኛዬ ጋር የተዋወቅነው አቡ ሃሙር፣ ከአምልኮ በኋላ ቤተ ክርስቲያኖቹ ሁሉ ካሉበት ግቢ ወጥተን አውቶቡስ ስንጠብቅ ነው። ቦርሳዬ ውስጥ መጽሐፍ ቅዱሴን ስፈልግ መጫወቻዋን አየና "አንቺም ትጫወቻለሽ?" አለኝ። እሱ የሚጫወተው አብሮት በሚኖረው ፊሊፒናዊ ቴሌቪዥን ላይ ነው። በዚያው በመጀመሪያው ቀን አውቶቡስ ውስጥ ተከራከርን። እሱ ሰይፉ ስንት ይመታል፣ ጋሻው ስንት ይችላል ነው ሥራው።

"ታሪክ ከፈለግሽ መጽሐፍ አንብቢ" አለኝ።

"አንተም ቁጥር ከፈለግህ ሒሳብ ሥራ" አልኩት።

ሰዉ ዞሮ አየን። ክርክሩ ደስ ይል ነበር፤ እውነቱን ለመናገር የወደድኩት እዚያው አውቶቡስ ውስጥ ነው። መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሲያወርድና ሲጭን ነው የሚውለው። አንድ ቀን እንዲህ አለኝ፦ "ሹግል፣ ሥራ ላይ፣ ይኸው ስንት ዓመት ካርቶን አንስቼ አሁንም ካርቶን አንሺ ነኝ። ጌም ላይ ግን የገደልኩት ተኩላ ሁሉ ይቆጠርልኛል። ላቤ ይታያል።" ይህን ካለኝ በኋላ በቁጥሩ መሳለቅ ተውኩ። ንግግር መዝለሉን ግን መልመድ አልቻልኩም።

ዓርብ ዓርብ ከአምልኮ በኋላ መንሱራ የሚባለው ሰፈር እንሄዳለን፤ የኅብረታችን ሽማግሌና ባለቤታቸው ቤት። እሳቸው የሕንፃ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ናቸው፤ ጋሼ እንላቸዋለን፣ ባለቤታቸውን ደግሞ እትዬ። ለእኔና ለእሱ የእናትና የአባት ምትክ ናቸው፤ ስለ ጋብቻ የሚያስተምሩንም እነሱ ነበሩ። ከምሳው በኋላ ይጸለያል፣ ይዘመራል፣ ይወራል።

ያን ጊዜ በጌሙ ውስጥ አንድ ከባድ ነገር ተሸክሜ ነበር። ወንዝ ዳር የምትኖር አንዲት ሸክላ ሠሪ እናት አለች፤ ልጇ ሩቅ አገር ሄዷል። እኔ ደግሞ በመንገዴ ልጁ መሞቱን ሰምቼ መጥቻለሁ። ሴትዮዋ ባለፍኩ ቁጥር "ልጄን አየኸው?" ትለኛለች፤ ጌሙ ውስጥ ወንድ ነኝ። መርዶ ነው እንግዲህ። መርዶ ደግሞ እንዴት እንደሚነገር እናውቃለን፦ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ይመረጣል፣ ማልዶ ይኬዳል፣ የሚደግፋት ሰው አጠገቧ ይቆማል። ስለዚህ አብሮኝ የሚያረዳ ሽማግሌ ፍለጋ መንደሩን አንድ በአንድ ዞርኩ። ቄሱን አናገርኩ፣ አንጥረኛውን አናገርኩ፣ ጎረቤቷን አናገርኩ። ጌሙን የሠሩት ሰዎች ይህን አላሰቡትም መሰለኝ፤ ማንም የሚከተለኝ አላገኘሁም። እኔም ተስፋ ሳልቆርጥ ሳምንታት ይዤው ዞርኩ።

አንድ ዓርብ ከእትዬ ጋር ሳህን ሳጥብ መጫወቻዋን ለእሱ ሰጠሁት። ስመለስ የሴትዮዋ በር ተዘግቷል፤ ሸክላዎቿ ደጅ ላይ ተሰባብረዋል።

"ምን አደረግህ?" አልኩት።

"አንዱን ተጫንኩት። እንዳልፍ ነዋ።"

"ምን ብላ እንደጠየቀችህ ታውቃለህ?"

"ማን?" አለኝ።

ይህች "ማን?" የምትለው ቃል ናት ልቤን የሰበረችው። የደረስኩበትን ቀድሜ ሴቭ አድርጌ ስለነበር ወደ ኋላ ተመልሼ ሌላ መምረጥ እችላለሁ፤ እሱም ያንኑ ነገረኝ። እኔ ግን በሴትዮዋ አልነበረም የተቃጠልኩት። አንዲት እናት ልጇን ስትጠይቀው እሱ የጠየቀችውን እንኳ አላወቀም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ እኔም "የጋብቻው ማስታወቂያ ይቆይ" አልኩት። ፊቱ አመድ መሰለ። "በጌም?" አለ። "በጌም" አልኩ።

በቀጣዩ ዓርብ ጋሼ እንደ ወትሮው "የጸሎት ርዕስ ያለው?" ብለው ጠየቁ። አንዱ ለመኖሪያ ፈቃዱ፣ ለኢቃማ፣ አንዷ ለታመመች እህቷ አስያዙ። ከዚያ የእኔው ጉድ እጁን አወጣና "በጌም ምክንያት በመካከላችን ሰላም ጠፍቷል፤ ጸልዩልን" አለ። አንዷ እህት "ኧረ በኢየሱስ ስም!" አለች። ሌላዋ እዚያ ጌም ውስጥ ጠንቋይ አለ ሲባል መስማቷን ተናገረች፤ እውነትም አንድ ጠንቋይ አለ፣ መድኃኒት ይሸጥልኛል። ወዲያው እጆች ራሴ ላይ ተጫኑ፤ የጌም መንፈስ እንዲለቀኝ ተጸለየ። ዓይኔን ጨፍኜ በንዴት እየተንቀጠቀጥኩ "አሜን" አልኩ። የሚያዩኝ መንፈሱ ሲለቀኝ መስሏቸው ይበልጥ ጮኹ።

ሰዉ ሲበተን ጋሼ ሁለታችንንም አስቀሩን። ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ አስረዳኋቸው። እንደሚስቁብኝ ጠብቄ ነበር፤ አልሳቁም።

"አሳዩን እስቲ" አሉ።

ሴትዮዋ የምትጠይቅበት ቦታ ድረስ መልሼ ከፈትኩና ለእጮኛዬ ሰጠሁት። እትዬ መነጽራቸውን አደረጉ። የሴትዮዋ ንግግር ወጣ።

"አንብብልን ልጄ፣ ምን ትላለች?" አሉት ጋሼ።

እሱ መጫወቻዋን በሁለት እጁ ያዘ። አውራ ጣቱ ወደ ቁልፏ ሄደ፤ ተመለሰ። ጽሑፉ የትም አልሄደም፤ ሁላችንም እየጠበቅን ነው።

"ጋሼ፣ እኔ እንግሊዝኛ ማንበብ አልችልም" አለ በመጨረሻ። "ከሰባተኛ ነው ያቋረጥኩት። እኔ የማነበው ቁጥሩን ነው። ቁጥር የትም አገር ያው ቁጥር ነው።"

አንጀቴን በላው። አውቶቡስ ውስጥ ያን ሁሉ ሲከራከረኝ፣ ታሪክ አያስፈልግም ሲለኝ፣ ወደማይገባበት ቤት "ድሮም አልፈልገውም" እያለ በበሩ ሲያልፍ እንደነበር ያን ቀን ገባኝ። አሁን ኢንተርኔት ላይ ሰዎች በጌም ሲሰዳደቡ ሳነብ እንደ በፊቱ አልስቅም። ይሄኛው ምን ጎድሎት ይሆን፣ ያኛውስ ምን አሳፍሮት ይሆን እላለሁ። ስለ ጌም ብቻ ብሎ ያን ያህል የሚቆጣ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ እኔን ጨምሮ።

አጠገቡ ተቀመጥኩና በአማርኛ አነበብኩለት። "ልጄን አየኸው? ማታ ማታ በሩን አልቀረቅርም። ሲመጣ እንዳይቸገር ብዬ ነው" ትላለች። ከሥሯ ሦስቱ ምርጫዎች አሉ፤ እነሱንም አነበብኩ፦ ሞቷል ብለህ ንገራት፤ ይመጣል በላት፤ ዝም ብለህ እለፍ።

"ይመጣል በላት!" አሉ እትዬ ዓይናቸውን እየጠረጉ። "ምን ይጎዳሃል?"

"ውሸት እኮ ነው" አሉ ጋሼ።

"አንተ ድሮም እንደዚህ ነህ።"

"ምን አልኩሽ ደግሞ?"

እነሱ እየተነታረኩ እኔ ልቤ ሞላ። በቃ፣ ሰማ፤ አሁን የእኔን ይመርጣል፤ ያልፋታል ብዬ ተማመንኩ። እሱ የበሩን ነገር ደግሜ እንዳነብለት ለመነኝ። ደገምኩለት። ምርጫዎቹን በጣቱ ቆጥሮ አንደኛውን ተጫነ። ሞቷል ብሎ ነገራት።

"ገብቶህ ነው?" አልኩት።

"ገብቶኝ ነው።"

"እንዲህ በጠራራ ፀሐይ፣ ብቻዋን ቆማ?"

"ታላቅ ወንድሜ በበረሃ ሲያልፍ ነው የቀረው" አለ፤ ይህን ከዚያ በፊት ነግሮኝ አያውቅም። "አጎቶቼ ሰሙ። እናታችን እስክትበረታ ይቆይ ተባለ። ከዚያ ፋሲካ ይለፍ ተባለ፤ ከዚያ አዝመራው ይሰብሰብ ተባለ። እሷ በሩን ሳትቀረቅር ታድራለች። እኛ ደግሞ እያወቅን አብረናት እንበላለን። ከዚያ ይልቅ በጠራራ ፀሐይ ይሻላል።"

"አይሻልም!" ብዬ ጮህኩበት። "አባቴ ሲሞት እዚህ ነበርኩ። ደበቁኝ። በስልክ አገናኙኝ ስል ገበያ ሄዷል፣ ተኝቷል ይሉኝ ነበር። ለዕረፍት አገር ስገባ፣ ሰው ከብቦኝ፣ እናቴ ይዛኝ ነው የተነገረኝ። እዚህ በሰው ቤት ብቻዬን ሰምቼ ቢሆን ምን ይውጠኝ ነበር? አመስግኛቸዋለሁ። እስካሁንም አመሰግናለሁ።"

"እስከዚያ ድረስ ምን ትያቸው ነበር?"

"ሰላም በሉልኝ ነዋ" አልኩት፤ ያልኩትን ያን ጊዜ ራሴ ሰማሁት። ያን ሁሉ ጊዜ ለሞተ ሰው ሰላም በሉልኝ ስል ነበር፤ ለክረምቱም ሹራብ ልኬለታለሁ።

እጮኛዬ መጫወቻዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። "የእነሱን አልነቅፍም፤ ወደውሽ ነው" አለ ቀስ ብሎ። "እኔ ግን አልደብቅሽም። በእኔ በኩል የመጣ ነገር ካለ፣ የትም ብትሆኚ፣ ሙዓይዘር ድረስ መጥቼ ቆሜ እነግርሻለሁ።"

አለቀስኩ። እትዬ እጄን ያዙኝ። እሱ ሊያባብለኝም፣ ሐሳቡን ሊለውጥም አልሞከረም፤ ከአጠገቤ ግን አልተነሳም። አንድ ቀን መርዶ ይዞብኝ ቢመጣ እንዲህ አጠገቤ ይሆናል ማለት ነው ብዬ አየሁት። አሁንም ቢሆን ያቺ ሴት በዚያ መንገድ መስማት አልነበረባትም እላለሁ። ግን ከጥያቄዋ እስከ በሯ ሁሉንም ሰምቶ፣ አመዛዝኖ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ ነው የተቃወመኝ።

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"እንግዲህ ልጆቼ፣ አልተስማማችሁም" አሉ። "ማስታወቂያውን እንተወው?"

"አልተስማማንም ጋሼ" አልኩ ፊቴን በነጠላዬ እየጠረግኩ። "ለዓርብ ይነገርልን።"